ሽቦው ሳይወጣ የወጣሁት ዳገት

እግሬን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ኦፕራሲዮኑ ተሳካልህ ወይ?» ይላል። «አዎ» ብል ዋሸሁ። «የለም» ብልም ዋሸሁ። መልሱ ረዘም ያለ ነው፤ ደባርቅ አስፋልት ዳር ቆሞ የሚያዳምጥ ደግሞ የለም፤ ጠይቆህ መልሱን ሳይሰማ ወደ ሚኒባሱ ይሮጣል። ስለዚህ ጻፍኩት። የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ እሱንም ግማሹን። ፊደል ብሳሳት እናንተ አርሙት፤ እኔ እግሬን ሳርም ደክሞኛል።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በቅሎ ነጂ ነኝ። ፈረንጅ ተራራ ሊያይ ሲመጣ ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ ድስቱን በቅሎ ላይ ጭነን ከደባርቅ ሳንቃ በር፣ ከሳንቃ በር ግጭ፣ ሲመቸውም እስከ አምባራስ የምናደርስለት እኛ ነን። እሱ ካሜራውን ይዞ ይሄዳል፣ እኛ ቤቱን ይዘንለት እንሄዳለን። በቅሎዬ ዳማ ትባላለች። ከእሷ ሌላ የራሴ የምለው አልነበረኝም። እናቴ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ዳባት ወዲያ ባለው ቀበሌያችን ሞተች። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ምላስ ግን ነበረኝ። ሰው አንድ ሲለኝ ሦስት እመልሳለሁ፣ ሦስቱም ይቆርጣሉ። ሰው እንዲስቅልኝ እፈልጋለሁ፣ እንዲቀርበኝ ግን አልፈልግም።

የዚህ ሁሉ ግማሹ ከእግሬ ነው የመጣው። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጠማማ ነበረች። ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛዋ ጣት ተጋደመች፣ ኋላ ጭራሽ ላይዋ ላይ ወጣችባት። ሥሯ ላይ ደግሞ አጥንቱ ወደ ጎን ጉብ ብሎ የቀይ ሽንኩርት ያህል ሆነ። የእናቴም እግር እንደዚሁ ነበር። እሷ ግን የላስቲክ ጫማዋን በጎኑ በቢላ ትቀደውና አጥንቱን በቀዳዳው አውጥታ ገበያ ትሄዳለች፤ ማን አየኝ አትልም። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ካምፕ ስንደርስ ነጂዎቹ ውሃ አሙቀው በአንድ ሳፋ ዙሪያ እግራቸውን ይታጠባሉ። አንዱ የሌላውን ተረከዝ ያሻል፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። የቀኑ ድካም የሚወጣው እዚያ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አልታጠብኩም።

«ማረው እንደ ድመት ውሃ ይፈራል» ይላሉ።

«እናንተ የታጠባችሁበትን ውሃ ዳማም አትረግጠው» እላለሁ።

ይስቃሉ። እኔም ጫማዬን እንዳደረግሁ ጥጌን ይዤ እተኛለሁ።

ጣቴ የምትገድለኝ ቁልቁለት ላይ ነበር። ጉብታው ከጫማው ጋር እየተፋጨ ይላጣል፣ ይደማል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይላጣል። አንድ ቀን ከአምባራስ ስንመለስ ድንጋይ ተከልዬ ቁስሉን ስጠርግ አንዲት ፈረንጅ ደረሰችብኝ። ነርስ ነኝ አለች። አስጎብኚው ነው የተረጎመልኝ። «ይሄ በኦፕራሲዮን ይቃናል ነው የምትልህ» አለኝ። እኔም «ለሰው ብትናገር እኔና አንተ አንድ መንገድ አንሄድም» አልኩት። ይቃናል የምትለዋ ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ክረምት ሲገባና ሥራ ሲጠፋ ለነጂዎቹ «መንጃ ፈቃድ ልማር ነው» ብዬ ጎንደር ወረድኩ። ዳማን ለጥጋቡ ሰጠሁት። ጥጋቡ ከነጂዎቹ ሁሉ ዝምተኛው ነው፤ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጣል። ብዙ ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጦ ሳይጨርስ ተመልሶ በቅሎ የያዘ ሰው ነው። ለምን እንደተመለሰ ማንም አይጠይቀውም። ስለሌላው ሁሉ እንቀልዳለን፣ እሱን ግን ማንም አይነካውም።

ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አየና በወረቀት ላይ ሣለልኝ።

«አጥንቱን ቆርጠን እናቃናዋለን፣ እስኪጋጠም በሽቦ እንይዘዋለን። የሽቦው ጫፍ በጣትህ ጫፍ በኩል ወጥቶ ይታይሃል። ስድስት ሳምንት በተረከዝህ ብቻ ነው የምትረግጠው። ከዚያ ትመጣና ሽቦውን እናወጣለን።»

«ከዚያ እንደ ሰው እሄዳለሁ?»

«አሁን እንደ ምን ነው የምትሄደው?» ብሎ ሳቀ። ኋላ ሳቁን ተወና «ስማኝ፣ ጣትህ ትቃናለች። እንደ ድሮው ትታጠፋለች ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። አንዳንዱ ሰው ይመርቀኛል፣ አንዳንዱ ምነው ባልነካካኸኝ ይለኛል። ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቢሮ ነው» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ዳገት እወጣለሁ ብለው አይሆንም ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሰውዬው የቢሮ ሠራተኛ እግር ነው ብሎ ሠራው።

ሆስፒታል ተኝታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። ምግብ የሚያመጣ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ ሽንት ቤት የሚወስድ አስታማሚ ያስፈልገዋል። ነርሷ መጣችና «አስታማሚህ የታለ?» አለችኝ።

«ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል።»

በማግሥቱ ጠዋት ትራሴ ሥር ያለውን ባዶ ሳህን አየችና «ሻዩ አላለቀም?» አለች።

«ሁለተኛ አዝዞ ይሆናል» አልኳት። ሳቀች። አንሶላውን አስተካክላልኝ ሄደች።

አጠገቤ ዳሌያቸውን የተሰበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ታጎርሳቸዋለች። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጇን ያዙና ወደ እኔ አመለከቷት። ጎረስኩ። «ልጄ፣ ሰው የለህም?» አሉኝ።

«አለኝ፣ አባ። ሥራ በዝቶባቸው ነው።»

«እንግዲህ ሥራቸውን ያቅናላቸው» አሉ። እንዳላመኑኝ ገብቶኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እስክወጣም ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ጋር ነበርኩ።

ደባርቅ ተመለስኩ። የጠየቀኝን ሁሉ «ጋራዥ ውስጥ ጎማ እግሬ ላይ ወደቀ» አልኩት። የተከራየሁት ክፍል አንድ መስኮት አለው፣ መስኮቱ የጎረቤት ግንብ ነው የሚያየው። እዚያ ተዘግቼ ከረምኩ። ሽቦው ከጣቴ ጫፍ ብቅ ብሎ ጫፉ ተቆልምሟል፣ እንደ መንጠቆ። ማታ ብርድ ልብሱን ይይዝብኛል። ቀን ቀን ጣቴን አያታለሁ። ቀጥ ብላለች። እውነቴን ነው፣ አምሮባት ነበር። የማሳየው ሰው ግን አልነበረም። ጥጋቡ በሳምንት አንዴ ቆሎ ቋጥሮ ይመጣል፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ዳማ ሣር መብላቷን ጠይቄው እሸኘዋለሁ። ግባ ብዬው አላውቅም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «ነገ ተራህ ነው። ሁለት ፈረንጆች አሉ፣ እስከ ግጭ። ልለፈው በላቸው» አለኝ።

ተራ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ጠዋት ደባርቅ፣ የፓርኩ ቢሮ በር ላይ ስም ይጠራል። ባለ ስሙ ራሱ የበቅሎውን ገመድ ይዞ «አለሁ» ማለት አለበት። ሰው መላክ የለም፤ ድሮ ተራ የሚሸጥ ስለበዛ ነው እንዲህ የሆነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተገኘ ስሙ ወደ መጨረሻ ይወርዳል። ፈረንጅ እንደ ልብ በሚመጣበት ጊዜ ይሄ ምንም አይደል። በዚህ ዘመን ግን ፈረንጅ እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፣ ብቅ ሲል ነው የምታየው። ስሜ ከወረደ እስከሚቀጥለው ዓመት ላልጠራ እችላለሁ። ነጂ ሆኖ ያልተጠራ ሰው ደግሞ ምን ይባላል? በቅሎ ያለው ሥራ ፈት።

«እመጣለሁ» አልኩት።

«እግርህስ?»

«እግሬ ከእኔ ጋር ይመጣል።»

ብልህ ነኝ ብዬ የሠራሁትን ስሙ። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ወሰድኩና የሽቦውን ጫፍ ቆብ አለበስኩት፣ ካልሲው እንዳይይዘው ብዬ። ላዩን በጨርቅ ጠመጠምኩ። ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቦቲ ጫማ ገዛሁና እግሬን ከተትኩበት። ክፍሌ ውስጥ ስራመድ ምንም አላለኝም። ክፍሌ ሜዳ ነው።

ጠዋት ስሜ ተጠራ። «አለሁ» አልኩ።

ስም የሚጠሩት አያ መኳንንት ከመዝገቡ ቀና ብለው «መንጃ ፈቃዱስ?» አሉኝ።

«ጎማውን እግሬ ላይ ጣሉብኝና አለፍክ አሉኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ጥጋቡ አልሳቀም፤ እግሬን ነበር የሚያየው።

እስከ ሳንቃ በር በተረከዜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሰዓት ደህና ነበር። ከቀትር በኋላ ጫማው ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ጀመረ፣ ሰው በመርፌ እየነካካ የሚጠራኝ ይመስል። ካምፕ ስንደርስ ውሃ አሞቁ። እኔ እንደ ልማዴ ዞር አልኩ። ቦቲውን ላወልቀው ፈራሁ፤ ካወለቅሁት መልሼ የማጠልቀው አልመሰለኝም። እንደተጫማሁ አደርኩ።

ጠዋት ጭነት ስንጭን ጥጋቡ ዳማን ከወዲያ በኩል ያዘልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማረው፣ ገመዱን ስጠኝ። አሁን ወደ ደባርቅ የሚወርድ መኪና አለ። ዳማን እኔ ከእኔዋ ጋር እነዳታለሁ። ለማንም አልናገርም፣ ተራህ እንደሠራህ ሆኖ ይቆጠራል» አለኝ።

አያችሁ? ሰውዬው ለእኔ ሲል ሕግ ሊያፈርስ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። የሰማሁት አትችልም የሚለውን ነው። የፈረንጆቹ ወጥ ሠሪም ሌሎቹም አጠገባችን ነበሩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ቅኔ ቤት አቅቶህ የወረድክ ሰው፣ ዛሬ እኔን ከተራራ ልታወርድ ነው? አንተ የጀመርከውን ስላልጨረስክ ሰው ሁሉ የሚጨርስ አይመስልህም።»

ወጥ ሠሪው ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁን መሃል ላይ ዋጠው። ጥጋቡ የያዘውን ጠፍር አጠበቀ፣ ጎተት አድርጎ ሞከረው፣ «እሺ» አለ። በቅሎውን ይዞ ከፊት ወጣ።

ወደ ጂንባር ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ድንጋይ በድንጋይ ስሻገር እግሬ አዳለጠኝና ውሃ ቦቲዬ ውስጥ ገባ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ለትንሽ ጊዜ እፎይ አልኩ። ከዚያ የግጭ ዳገት መጣ።

ዳገት በተረከዝ አይወጣም። ይሄንን ሐኪሙ አልነገረኝም፣ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ ስላልኩት። ዳገት የሚወጣው በአውራ ጣት ነው፤ መሬቱን ወደ ኋላ የምትገፋው እሷ ናት። ገፋሁ። እንደገና ገፋሁ። ሌሎቹ አለፉኝ። ፈረንጆቹም ከአስጎብኚውና ጠብመንጃ ከያዘው የፓርክ ዘብ ጋር አለፉኝ፤ ሴትየዋ ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ። አንዱ ነጂ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

«ጓዙ ላልቶብኛል። አጥብቄ እደርስባችኋለሁ።»

ድምፃቸው እየራቀ ሄደ። አንድ እርምጃ ስገፋ እግሬ ውስጥ ቀጭ አለ። በጆሮዬ አይደለም የሰማሁት፣ በጥርሴ ነው።

ተቀምጬ ቦቲውን አወለቅሁት። አወጣጡ ራሱ ብዙ ቆየ። ጨርቁ ረጥቧል፣ ውሃ ብቻ አይደለም። ሽታውን አልነግራችሁም። ክዳኑ ከትናንት ጀምሮ ከቦቲው አፍንጫ ጋር ሲጋፋ ሽቦውን ወደ ውስጥ ነድቶታል። ብልሃቴ ነው የወጋኝ። ጣቴ አብጣ ጠቁራለች፣ ከእሷ ተነሥቶ ቀይ መስመር በእግሬ ጀርባ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ይወጣል። ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሬ ግን ይጋያል።

እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር የሚወሰነው፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ዳማ አጠገቤ ቆማለች። ጓዙን አውርጄ ዳር አድርጌ፣ እሷ ላይ ተቀምጬ ወደ መኪናው መንገድ መመለስ እችላለሁ። ቀላል ነው። ግን እኛ ዘንድ ነጂ በቅሎ ላይ አይወጣም። በቅሎ ላይ የሚወጣው እንግዳ ነው። ጓዝ መንገድ ላይ ጥሎ ራሱን ጭኖ የተመለሰ ነጂ ደግሞ ታሪኩ እስከ ልጅ ልጁ ይወራል። ጠዋት ደግሞ እጨርሳለሁ ብዬ የፎከርኩ ሰው ነኝ።

ተነሥቼ የዳማን ገመድ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩላት። ታፋዋን መታ አደረግሁ። «ሂጂ፣ ጓዙን አድርሺ» አልኳት። ዞራ አየችኝ። ደግሜ መታኋት። ክረምቱን ከጥጋቡ በቅሎ ጋር ስለከረመች መንገዱን ይዛ እሷን ተከትላ ሄደች። ኮቴዋ ድንጋይ ላይ ሲያንኳኳ ሰማሁት፣ ኋላ ያ ድምፅም ጠፋ።

ውሃዬ ጭነቱ ላይ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጋቢዬም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች፣ ኋላ ጉም ከገደሉ ወጣና ሸፈናት። በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወደ ወንዙ ለመውረድ ሞከርኩ። ጥቂት ወርጄ አንድ ረጅም የጅብራ ግንድ ሥር ተጠጋሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከጉሙ ውስጥ መጡ፤ ብዙ ናቸው። ቂጣቸው ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ፣ እየተንፏቀቁ፣ እንደ እኔው። አንዱ ትልቁ ወንድ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሣሩ ተመለሰ። ሰው ነህም፣ ድንጋይ ነህም አላለኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ፣ ለማን?

ልጮህ አልኩ። መጮህ ቀላል ይመስላችኋል። ግን ሰው ሲጮህ ስም ነው የሚጠራው። አፌ ላይ የመጣው አንድ ስም ነው፣ እሱም የጥጋቡ። ያን ስም ጠዋት ምን እንዳደረግሁት አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። «ዳማ» ብዬ ጮህኩ። ገደሉ ተቀብሎ መለሰልኝ፣ ዳማ፣ ዳማ። ጭላዳዎቹ ትንሽ ራቅ አሉ። እንደገና አልጮህኩም። ያን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። እናቴ ስትሞት እንኳን ድንኳን ሙሉ ሰው ነበር።

አንቀላፍቼ ነበር መሰለኝ። ኮቴ ሰማሁ። ከላይ ነው የሚመጣው። ጥጋቡ ነው። ዳማን ያለ ጭነት፣ በኮርቻዋ ብቻ ይዟታል።

መጀመሪያ ያልኩት «ጓዙስ?» ነው።

«ደርሷል። ያለ ሰው ነው የደረሰው።» ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ። አልነካውም። «መቼ ነው የተሠራኸው?»

«አምስተኛ ሳምንቴ ነው።»

«መንጃ ፈቃዱ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

ውሃ ሰጠኝ። ጠጣሁ። «በል ውጣ» አለና ዳማን ከድንጋዩ ጋር አስጠጋት።

«አልወጣም። ደግፈኝና እሄዳለሁ። ነጂ በቅሎ ላይ...»

«አሁን ነጂ አይደለህም» አለ። «ጓዝ ነህ። ጓዝ ደግሞ አይናገርም።»

እንደ ከረጢት አንሥቶ ጫነኝ። በጋቢው ጠቀለለኝ፣ ወገቤን በጠፍር ከኮርቻው ጋር አሰረኝ። ጓዝ ሲጭን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጠፍሩን ጎተት አድርጎ ሞከረው። ወንዙን ተሻገርን። ሁለት ገበሬዎች እህል ጭነው ሲመጡ አገኘናቸው፤ እኔን ሽቅብ አዩኝ። ጥጋቡ ሰላምታ ሰጥቷቸው አለፈ፣ ምንም አላስረዳም። ስለ ጠዋቱ አንድ ነገር ቢለኝ ብዬ እጠብቃለሁ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ገመዱን ይዞ ከፊት ይሄዳል።

መኪና መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘን። ጋቢና ውስጥ አስገባኝ። በሩን ሊዘጋ ሲል ቆመ።

«ጠዋት ያልከው እውነት ነው» አለኝ። «ግን ከአንተ አፍ መውጣት አልነበረበትም።»

በሩን ዘጋው። ግጭ ላይ በቅሎዎች ይጠብቁታል፣ ተመልሶ ያንን ዳገት ሊወጣ ነው። ይቅርታ ልለው መስኮቱን ስፈልግ መስታወቱ አይወርድም፤ የተበላሸ ነው። ሾፌሩ ተነሣ።

ጎንደር ያ ሐኪም ሽቦውን አወጣ፣ መግሉን አጠበ። መርፌ ላይ ብዙ ቀን ሰነበትኩ።

«ቢሮ ነበር ያልከኝ» አለኝ።

«ቢሮው ተራራ ላይ ነው።»

አልሳቀም። «እውነቱን ብትነግረኝ በሌላ ጊዜ፣ ምናልባትም በሌላ መንገድ እሠራው ነበር» አለ። ከዚያ ኤክስሬዩን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አሳየኝ። «ደግነቱ አጥንቱ አልተንቀሳቀሰም፣ ቆንጆ ነው።»

«እኔ በፎቶው አይደለም የምሄደው» አልኩት።

እንግዲህ መልሱ ይሄውላችሁ። ጣቴ ቀጥ ብላለች። ጉብታው የለም። ጫማ አይልጠኝም፣ ቁልቁለት እንደ ፍየል እወርዳለሁ። ነገር ግን አትታጠፍም፣ እንደ ችካል ናት። ሜዳ ላይ ማንም አያውቅብኝም። ዳገት ላይ ግን መሬቱን አትገፋልኝም፤ ከገፋኋት ከሥሯ አዲስ ሕመም ይነሣል። ሽቦው በጊዜው ቢወጣ ትታጠፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ልትታጠፍ ትችላለች፣ ላትታጠፍም ትችላለች፤ አስቀድሜ ነግሬህ ነበር» አለኝ። ከዚህ ውስጥ የትኛው የቢላው፣ የትኛው የእኔ ግትርነት እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ቢሆን እለምደው ነበር። የእሱም ቢሆን እሰድበው ነበር።

እግራችሁ የእኔን እግር ለሚመስል፣ ተሠሩ ወይም አትሠሩ አልልም። ሥራችሁን ግን አትዋሹ። እንዴት እንደምትኖሩ ያላወቀ ሐኪም የሚሠራው የሌላ ሰው እግር ነው። ለአንድ ሰው ደግሞ ንገሩ። አንድ ይበቃል። እኔ ያን አንዱን በር ላይ አቁሜ ቆሎውን ብቻ እቀበለው ነበር።

በዓመቱ ተራዬ ደረሰ። ሳንቃ በር ድረስ ደህና ሄድኩ። በማግሥቱ ጂንባርን ተሻገርን፣ ዳገቱ ሥር ደረስን። ትንሽ ሞከርኩት። ሃያ እርምጃ ያህል። ከዚያ ቆምኩ። ሁሉም ቆሞ ሲያየኝ «አልችልም» አልኩ። «እግሬ አይችልም። ጣቴ ኦፕራሲዮን ናት፣ አትታጠፍም።»

«ማረው አልችልም አለ፣ ዛሬ በረዶ ይጥላል» አለ አንዱ።

መልስ ነበረኝ። ተውኩት። የዳማን ገመድ ለጥጋቡ ዘረጋሁለት። ተራዬ እዚያ ላይ ተሰረዘ፤ ሕግ ሕግ ነው፣ ይሰረዛል።

«ጥጋቡ፣ ያን ቀን ያልኩህ...»

«ገመዱን አላላው፣ ጠብቆባታል» አለኝ። አላላሁት። ገመዱን ተቀበለና ወጣ። ጥቂት እንደሄደ መታጠፊያው ላይ ዞሮ «ደባርቅ ስትደርስ ደውልልኝ» አለ።

ብቻዬን ወደ መኪናው መንገድ ተመልሼ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አንድ ሰው አላናገርኩም። ደባርቅ ስገባ ገና ጀንበር አልጠለቀችም። ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ግጭ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።

ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ የተቀዳችው ሴትዮ ሊገኝ አይችልም አለችኝ፣ እስክትጨርስ አዳመጥኳት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ደወልኩ።